የአካል ብቃት ቪዲዮ ጌምና ክብደት መቀነስ፦ በሆሳዕናና በአካባቢዋ ከተሞች

የአካል ብቃት ቪዲዮ ጌም የሚባለው ተጫዋቹ በጣቱ ብቻ ሳይሆን በመላ ሰውነቱ የሚያዘው የኤሌክትሮኒክስ ጨዋታ ነው። መዝለሉን፣ ቁጭ ብድግ ማለቱን፣ እጁን መወርወሩን ካሜራ፣ ምንጣፍ ወይም በእጅ የሚያዝ መሣሪያ ይለካል፤ ጨዋታው በዚያ ላይ ነጥብ ይቆጥራል፣ ደረጃ ያሳድጋል፣ ያወዳድራል። የጃፓኑ ባንዳይ እ.ኤ.አ. በ1986 (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶችም ሁሉ እንዲሁ እ.ኤ.አ. ናቸው) በእግር የሚረገጥ ምንጣፍ ለኒንቴንዶ ማሽን ካቀረበ ወዲህ ሐሳቡ ደጋግሞ ታድሷል። በ1998 የኮናሚ «ዳንስ ዳንስ ሪቮሉሽን» ወጣቱን በጌም ቤት ውስጥ አስጨፈረ። በ2007 መጨረሻ የወጣው የኒንቴንዶ «ዊ ፊት» ተጫዋቹን ሚዛን ላይ አቁሞ ክብደቱን እየነገረ ማሠራት ጀመረ፤ ከ20 ሚሊዮን ቅጂ በላይም ተሸጠ። የማይክሮሶፍት ካሜራ «ኪኔክት» በ2010 ገበያ በወጣ በ60 ቀን 8 ሚሊዮን ያህል ተሸጦ በዓለም ድንቃድንቅ መዝገብ ሰፈረ፤ በ2017 ግን ምርቱ ቆመ። በ2019 ደግሞ «ሪንግ ፊት አድቬንቸር» መጣ። ሰው በሆይ ሆይታ ይገዛዋል፣ ጥቂት ቆይቶ መደርደሪያ ላይ ያስቀምጠዋል፣ ከዚያ ሌላ ይወጣል። የመሣሪያዎቹ ዕጣ የተጠቃሚዎቹ ተነሳሽነት ዕጣ መሆኑን ጥናቶቹም ያሳያሉ። ጌሙ ሰውን ከወንበሩ ያስነሳል፤ ወር ሲያልፍ ግን የሚያቆየው አብሮት የሚንቀሳቀስ ሰው ነው። ጉዳዩን ከሆሳዕና አንጻር ማየት የሚጠቅመውም በዚህ ምክንያት ነው። ማሽኑ በከተማዋ ብርቅ ቢሆንም አብሮ የመሥራት ልማድ ግን ሞልቷል።

የመጀመሪያው ተቃውሞ ጥያቄውን ራሱን ይመለከታል፦ ሀዲያና ከምባታ ውስጥ ከውፍረት ይልቅ መክሳት አይደለም ወይ የሚያሳስበው? ተቃውሞው መሠረት አለው። በ2016ቱ የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳ ከ15 እስከ 49 ዓመት ካሉ ሴቶች 22 በመቶ ያህሉ ከሚገባው በታች ቀጭን ሲሆኑ፣ ከሚገባው በላይ ክብደት ያላቸው 8 በመቶ ያህል ነበሩ። ገጠር ውስጥ እንሰት ስትፍቅ፣ ውኃ ስትቀዳና እንጨት ስትሸከም ለምትውል ሴት የአካል ብቃት ጌም ማቅረብ ቀልድ ነው። ነገር ግን አማካይ ቁጥር ከተማውን ይሸፍናል። የሀዲያ ዞን ርእሰ ከተማ የሆነችው፣ ቀድሞ ዋቸሞ ትባል የነበረችው ሆሳዕና በ2023 ከተመሠረተው የማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል መቀመጫዎች አንዷ ናት። ቢሮው በዝቷል፣ ዋቸሞ ዩኒቨርሲቲ አድጓል፣ ደቡብ አፍሪካ ከሄዱ ልጆቿ የሚላከው ገንዘብ ሱቅና ፎቅ ሆኗል፤ ድሮ በእግር የሚኬደውን መንገድ ዛሬ ባጃጅ ያደርሳል። የጠረጴዛ ሠራተኛው፣ ነጋዴውና ሾፌሩ እንቅስቃሴያቸው ሲቀንስ ገበታቸው አልቀነሰም። በዚያ ላይ መወፈር አሁንም «ተመችቶሃል» የሚያሰኝ ምስጋና ነው፤ ቦርጭ ሐኪም ጋ የሚያስኬደው የደም ግፊት ወይም የስኳር ሕመም ከመጣ በኋላ ነው። እንዲህ ባለ ቦታ ሰውን ማነሳሳት ከማስተማር ይከብዳል።

ጌሙ ምን ያህል ያቃጥላል? በ2007 በብሪታኒያ የሕክምና መጽሔት የታተመ አንድ አነስተኛ ጥናት፣ ታዳጊዎች «ዊ ስፖርትስ» ሲጫወቱ ተቀምጠው ከሚጫወቱት የበለጠ ጉልበት እንደሚያወጡ፣ ነገር ግን እውነተኛውን ቴኒስ ወይም ቦክስ ከመጫወት ጋር እንደማይተካከል አሳይቷል። የአካል እንቅስቃሴ መጠን የሚመዘገብበት ዓለም አቀፍ ሠንጠረዥም በጌሞቹ መካከል ትልቅ ልዩነት ያስቀምጣል። ሚዛን የመጠበቅና የዮጋ ጨዋታ ከእረፍት 2.3 እጥፍ፣ መካከለኛው 3.8 እጥፍ፣ አድካሚው የዳንስ ጨዋታ ደግሞ 7.2 እጥፍ ጉልበት ይፈጃል። 70 ኪሎ የሚመዝን ሰው መካከለኛውን ለግማሽ ሰዓት ቢጫወት 130 ኪሎ ካሎሪ ያህል ያወጣል። አንድ የሾርባ ማንኪያ ንጥር ቅቤ ከዚህ ብዙ አያንስም። በሀዲያ ያሆዴ ወይም በከምባታ መሳላ በዓል ሰሞን አታካና የሚባለው ምግብ በቅቤ ርሶ በሚቀርብበት ቤት ይህ ሒሳብ ምን ማለት እንደሆነ ግልጽ ነው። ክብደት በዋናነት የሚቀነሰው ከገበታ ላይ ነው፤ «ጌም ብቻ ተጫውተህ ቦርጭህን ታጠፋለህ» የሚል ማስታወቂያ ዋሽቷል። ይህ ግን ጌሙን ከንቱ አያደርገውም፤ የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ የሚመክረውን በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ ምንም ከማይሠራ ሰው ላይ ማስጀመር ራሱ ለልብና ለደም ስር የሚቆጠር ነው።

የከበደው ጥያቄ ግን ተነሳሽነቱ እስከ መቼ ይቆያል የሚለው ነው። «ፖኬሞን ጎ» በ2016 ሲወጣ ሕዝብ በስልኩ እየተመራ ጎዳና ለጎዳና ሲዞር ብዙዎች መድኃኒቱ ተገኘ ብለው ነበር። በዚያው ዓመት የወጣው ጥናት ተጫዋቾቹ በመጀመሪያው ሳምንት በቀን 955 ያህል እርምጃ እንደጨመሩ፣ ጭማሪው ግን እየቀነሰ ሄዶ በስድስተኛው ሳምንት ወደ ነበረበት እንደተመለሰ አረጋገጠ። በ2012 ከአሜሪካ ሂዩስተን የወጣው ውጤት ደግሞ የበለጠ ቅስም ይሰብራል፤ የእንቅስቃሴ ጌም ወደ ቤታቸው የወሰዱ ልጆች ሌላ ጌም ከወሰዱት የበለጠ አልተንቀሳቀሱም። ኒውዚላንድ ውስጥ 322 ወፈር ያሉ ልጆች ለ24 ሳምንት ሲጠኑ ልዩነት ቢገኝም ትንሽ ነበር። ማሽኑን ለብቻው ቤት ውስጥ ማስቀመጥ ወላጆች እንደሚያስቡት ልጁን አያንቀሳቅሰውም።

የተሳኩት ጥናቶች ላይ ግን የሚደጋገም አንድ ነገር አለ። በ2013 በአሜሪካ ወፈር ያሉ ጥቁር ታዳጊዎች ለ20 ሳምንት እንዲጫወቱ ሲደረግ፣ ጥንድ ሆነው ለአንድ ግብ እየተጋገዙ የተጫወቱት በአማካይ 1.65 ኪሎ ቀነሱ፤ እርስ በርስ እየተፎካከሩ የተጫወቱት ተመሳሳይ ውጤት አላገኙም። በ2018 የታተመው ሌላ ጥናት በ46 ልጆች ላይ ጌሙን ከቤተሰብ ተሳትፎና በቪዲዮ ከሚደውል አሠልጣኝ ጋር አቀናጀ፤ ልጆቹ ከታቀደው ልምምድ ከ90 በመቶ በላይ ፈጸሙ፣ የክብደታቸው መለኪያም በፕሮግራሙ ካልተሳተፉት ልጆች ተሻለ። ጌሙ ያው የተለመደው ጌም ነበር። ለውጡን ያመጣው «ዛሬስ ሠራህ?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው መጨመሩ ይመስላል። ጥናቶቹ ትንንሽ ናቸው፣ የተካሄዱትም ሩቅ አገር ነው ማለት ይቻላል፤ ነገር ግን ያለ አጋር የተሞከሩት ትልልቆቹም በዚያው አቅጣጫ ስለሚመሰክሩ ድምዳሜውን ማጣጣል አይቻልም።

እንግዲህ ሆሳዕናም ሆነች የከምባታዋ ዱራሜ ለዚህ የሚሆን ነገር አላቸው። እንደ ሌሎቹ የኢትዮጵያ ከተሞች ወጣቱ ጌም የሚያውቀው ከፕሌይስቴሽን ቤት ነው፤ አግዳሚ ላይ ተደርድሮ፣ በጨዋታ እየከፈለ፣ በጆይስቲክ ኳስ ይጫወታል። ወላጆች ጌም ቤትን በክፉ ዓይን የሚያዩት ያለ ምክንያት አይደለም፤ ትምህርትና ገንዘብ ይበላል፣ ገላንም ያሰንፋል። ሆኖም ጌሙ እንዲህ የሚስበው ከጓደኛ ጋር ስለሚጫወቱት ነው፤ በዚያው ክፍል አንዱ ማሽን ካሜራ ወይም ምንጣፍ ቢኖረው ጓደኝነቱ ሳይለወጥ የሚለወጠው አቀማመጡ ብቻ ነው። ዋጋው ለአንድ ቤተሰብ ቢከብድም በጋራ ሲከፈል ይቀላል። ከዚህም የሚረክሰው በኪስ ያለው ስልክ ነው፦ እርምጃ የሚቆጥር መተግበሪያ ለማሽን ዋጋ አያስወጣም፣ መብራት ሲጠፋም አይቆምም። የማስ ስፖርት ልማድ በከተሞቻችን ገብቷል፤ አዲስ አበባም ከ2018 ጀምሮ «መንገድ ለሰው» ብላ በተወሰኑ ቀናት ጎዳና ለመኪና ዘግታለች። ጥናቶቹ አስፈላጊ ያሉት አብሮ የሚንቀሳቀስ ቡድን የሚገኘው እዚህ ነው። መሥሪያ ቤቱ፣ ዕድሩ ወይም የመዘምራኑ ጓድ የእርምጃ ድምሩን በጋራ ቢቆጥር፣ የሰውነት ማጎልመሻ መምህር ደግሞ የአሠልጣኙን ቦታ ቢይዝ፣ ጥናቶቹ ያሞገሱት ነገር ያለ ውድ ማሽን ይገኛል።

«ታዲያ ጌሙን ትቶ መሮጥ አይሻልም?» ይባል ይሆናል። መሮጥ ለሚችል ይሻላል። ግን ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ፣ ከሰኔ እስከ መስከረም በጭቃ፣ ሠፈር ሁሉ እያየ መሮጥ ለጀማሪ ቀላል አይደለም፤ በተለይ ለሴት፣ በተለይ ወፈር ላለች። በር ዘግቶ ከጓደኛ ጋር በዘፈን መንቀሳቀስ የመጀመሪያውን ሁለት ወር ያሻግራል፤ ልምምዱ ልማድ እስኪሆን በአማካይ የሚያስፈልገው ደግሞ ይህን ያህል ጊዜ ነው።

አንድ እውነተኛ ጉዳት ግን አለ። በ2008 ብሪታኒያ ውስጥ «ዊ ፊት» አንዲትን የ10 ዓመት ልጅ «ወፍራም» ብሎ በመፈረጁ ኒንቴንዶ ይቅርታ እስከ መጠየቅ ደርሷል፤ ማሽኑ የሚያውቀው ክብደትና ቁመት እንጂ የልጅ ዕድገትን አልነበረም። ስለዚህ በቡድን ሲጫወቱ ሰሌዳው ላይ የሚወጣው ኪሎ ባይሆን ይመረጣል፤ የተገኙበት ቀንና የተራመዱት እርምጃ ይበቃል። ክብደቱንና የደም ግፊቱን ማወቅ የፈለገ በዋቸሞ ዩኒቨርሲቲ ሥር ባለው በንግሥት እሌኒ መሐመድ መታሰቢያ ሆስፒታል ወይም በአቅራቢያው ጤና ጣቢያ ይለካ፤ የልብ ወይም የጉልበት ሕመም ያለበት ደግሞ ጌሙን ከመክፈቱ በፊት ሐኪም ያማክር።