«ቀጥተኛ» ወይስ «ተለዋዋጭ»? የአንድ የሂሳብ ስያሜ ታሪክ

ሙያዊ ቃል ከባዕድ ቋንቋ ሲመለስ ፍችው ብቻ ሳይሆን የስያሜው ታሪክም ሊመረመር ይገባል። ስያሜው በተወለደበት አገር ስሕተት ተሸክሞ እንደ ሆነ ተርጓሚው ስሕተቱን አብሮ ያስገባዋልና። ለዚህ አብነት የሚሆነን የፋብሪካ ትርፍ የሚሰላባቸው የሁለቱ ዘዴዎች ስም ነው።

በነባሩ ዘዴ የፋብሪካ ኪራይና ይህን የመሰለው ቋሚ የማምረቻ ወጪ በተመረተው ዕቃ ላይ ይደለደላል፤ ዕቃው እስኪሸጥም አብሮት በመጋዘን ይቆያል። ይህን «ሙሉ ወጪ ስሌት» እንለዋለን። በ1936 (እ.ኤ.አ.) ጆናታን ሃሪስ የተባለ አሜሪካዊ የአገሩ የወጪ ሂሳብ ባለሙያዎች ማኅበር በሚያሳትመው መጽሔት ላይ፣ በዚህ ዘዴ ሽያጭ እያደገ ትርፍ ሊቀንስ እንደሚችል አሳየ። ያቀረበውም መፍትሔ ቋሚውን ወጪ በዕቃ ላይ ሳይደለድሉ ወጪው በወጣበት ጊዜ ሂሳብ ውስጥ በሙሉ መቀነስ ነበር። ለዘዴው የሰጠው ስም በአማርኛ ሲመለስ «ቀጥተኛ ወጪ ስሌት» ይሆናል።

ስሙ ከነገሩ ጋር አይገጥምም። ማሽን የሚያንቀሳቅሰው ኤሌክትሪክ የብዙ ምርቶች የጋራ ወጪ ሲሆን ቀጥተኛ አይደለም፤ ነገር ግን ከምርቱ መጠን ጋር ይለዋወጣል። ለአንድ ምርት ብቻ የተመደበ ተቆጣጣሪ ደመወዝ ደግሞ ቀጥተኛ ሆኖ ሳለ ምርቱ ቢበዛም ቢያንስም አይለወጥም። ያም ሆኖ ማኅበሩ በ1953 (እ.ኤ.አ.) ባወጣው የጥናት ዘገባ ያው ስም ጸና። እንግሊዞች «ኅዳጋዊ» ማለትን መረጡ፤ «ተለዋዋጭ» የሚለው ስያሜ የተስፋፋው ከዚያ በኋላ ነው።

የሁለቱን ዘዴዎች ልዩነት በምሳሌ እንይ። አንድ ፋብሪካ መጋዘኑ ባዶ ሳለ 1,000 ዕቃ አምርቶ 800ውን እያንዳንዱን በ100 ብር ሸጠ እንበል። የአንዱ ዕቃ ተለዋዋጭ ወጪ 30 ብር፣ ጠቅላላው ቋሚ ወጪ 50,000 ብር ነው። በሙሉ ወጪ ስሌት ትርፉ 16,000 ብር፣ በተለዋዋጭ ወጪ ስሌት 6,000 ብር ይሆናል። የ10,000 ብሩ ልዩነት ባልተሸጡት 200 ዕቃዎች ላይ ያደረው ቋሚ ወጪ ነው፤ ይኸውም 200 ጊዜ 50 ብር። ክምችቱ በቀነሰ ጊዜ ልዩነቱ ይገለበጣል።

ባለሙያዎች ሁለቱን ትርፎች ማገናኘቱን «ማስታረቅ» ይሉታል። ዕርቅ በተለምዶ በዳይና ተበዳይን ይሻል፤ እዚህ ግን ሁለቱም አኃዞች ትክክል ናቸው። ቢሆንም ቃሉ በባንክ ሂሳብ ሥራ ሥር የሰደደ ስለ ሆነ ይጽና እንላለን።

ጉዳዩ የስም ብቻ አይደለም። በ1975 (እ.ኤ.አ.) የወጣው ዓለም አቀፍ የሂሳብ ደረጃ ቁጥር 2 ለውጭ በሚቀርብ ሪፖርት ቋሚው የማምረቻ ወጪ በዕቃው ዋጋ ውስጥ እንዲገባ ያዝዛል፤ አዋጅ ቁጥር 847/2006ም ዓለም አቀፉን ሥርዓት ወደ አገራችን አስገብቷል። እንግዲህ ለውስጥ ውሳኔ በተለዋዋጭ ወጪ የሚያሰላ ድርጅት ማስታረቁ ግድ ነው። «ቀጥተኛ» የሚለውን ስም ይዞ የተነሣ ተማሪ ኤሌክትሪኩን ከቋሚው፣ የተቆጣጣሪውን ደመወዝ ከተለዋዋጩ ይመድባል፤ ዕርቁም አይሰምርለትም። ስለዚህ «ተለዋዋጭ ወጪ ስሌት» እና «ሙሉ ወጪ ስሌት» የሚሉትን ስያሜዎች ለሙያው ሊቃውንት አስተያየት እናቀርባለን።