ከመርፌው በኋላ ያሉት ሰዓታት

በጣና ዳር ክረምቱ ሲከብድ ተጨናንቀው የሚያድሩትንና ቅያሪ ልብስ የሌላቸውን የሚያጠቃ በሽታ አለ፤ ግርሻ ይባላል። የሚያዛምተው የልብስ ቅማል ነው፤ ቅማል ደግሞ ደረሳ ከቆሎ ተማሪ አይለይም። በባሕር ዳር ፈለገ ሕይወት ሆስፒታል ስለታዩት ታማሚዎች በ2014 እ.ኤ.አ. ጥናት ታትሟል።

የሚያስፈራው ከሕክምናው በኋላ ያለው ነው። ፔኒሲሊን ተሕዋስያኑን ሲፈጃቸው ታማሚው በሰዓታት ውስጥ ይንቀጠቀጣል፣ ትኩሳቱ ያሻቅባል፣ ቀጥሎ የደም ግፊቱ ይወርዳል። ቤተሰብ «መርፌው ጎዳብን» ቢል አንፈርድበትም።

ነገሩ ሴፕቲክ ሾክን ይመስላል። ሴፕቲክ ሾክ ግን መቼ እንደጀመረ አይታወቅም፤ የዚህኛው መነሻ ሰዓት ይታወቃል። ስለዚህ ተመራማሪዎች ከኢትዮጵያውያን የግርሻ ታማሚዎች ደም እየቀዱ መረመሩ። በ1992 እ.ኤ.አ. እንደታተመው፣ ቲ ኤን ኤፍ፣ ኢንተርሉኪን 6 እና ኢንተርሉኪን 8 የተባሉት የሰውነት መቆጣት ምልክቶች ከንቅጥቅጡ ጋር በደም ውስጥ ይንራሉ።

በ1996 እ.ኤ.አ. ዶክተር ዳንኤል ፈቃደና ባልደረቦቻቸው በአዲስ አበባ የሠሩት ጥናት ታተመ። ከበግ የተዘጋጀ የቲ ኤን ኤፍ ማርከሻ ከፔኒሲሊኑ አስቀድመው ሰጡ። ማርከሻውን ካላገኙት 29 ታማሚዎች 26ቱን ንቅጥቅጡ ያዛቸው፤ ካገኙት 20 ግን 10ሩን ብቻ። በሌላው ዓለም መሰል ማርከሻዎች ለሴፕቲክ ሾክ ተሞክረው ብዙም አልፈየዱም ነበር፤ እኛ እንደሚመስለን ልዩነቱ ቀድሞ መድረሱ ነው።

ማርከሻው የዘወትር ሕክምና አልሆነም። መርፌ የተወጋ የግርሻ ታማሚ ዛሬም በእነዚያ ሰዓታት አጠገቡ ሆኖ ግፊቱን የሚለካ ሰው ያስፈልገዋል።