ተቀባይ ያገኘ ዜማ

እስቲ ጠጋ በሉና ስሙኝ። ታሪኩ ከወዲያኛው አገር፣ ከአሜሪካ፣ ከፍሎሪዳ ጫካ ነው።

በዚያ ጫካ ፓይን የሚሉት፣ ቀጥ ብሎ የሚያድግ የጥድ ዘመድ ሞልቷል። በድሮ ጊዜ ሠራተኛው በማለዳ ይገባና ግንዱን በስለት ያቆስለዋል። ሙጫው እየተንጠባጠበ ከሥር ወደተደገነው የሸክላ ኩባያ ይወርዳል። ይለቀምና በርሜል ይሞላል፤ ከዚያ እሳት ላይ ይጣዳል። እንፋሎቱ ሲቀዘቅዝ ቀለም ቀቢ ቀለሙን የሚያቀጥንበት ተርፔንታይን ይሆናል። በመተማ ዕጣን ሲለቀም ያየ ሰው ነገሩ እንግዳ አይሆንበትም።

ታዲያ እያንዳንዱ ሠራተኛ የራሱ መጠሪያ ነበረው። አንዱን ዛፍ በጨረሰ ቁጥር ድምፁን ለቆ መጠሪያውን ይጣራል። ቆጣሪው ከመሀል ሆኖ ይሰማና በወረቀቱ ላይ ምልክት ያኖርለታል። ያልተጣራ አይቆጠርለትም። ጫካው ቀኑን ሙሉ በሰው ስም ሲያስተጋባ ይውላል።

እንጨት በሚቆረጥበት ካምፕም ዜማ ነበር። ግንድ የሚያጓጉዘው ባቡር ሐዲዱ ሲዛነፍ ሰዎቹ ረጃጅም የብረት ዘንግ ከሥሩ ይሰካሉ። አንዱ ያወጣል፣ ሌሎቹ ይቀበላሉ፤ በተቀበሉ ቁጥርም እኩል ይገፋሉ። ዜማው ከተሰበረ ጉልበቱ ተበተነ ማለት ነው።

ማታስ? ማታ ዱቄቱም ትምባሆውም ከካምፑ ሱቅ በዱቤ ነበር። መዝገቡም በአሠሪው እጅ ነበር። አብዛኞቹ ሠራተኞች ጥቁር አሜሪካውያን ነበሩ፤ ቅድሚያ ገንዘብ ወስዶ ሥራውን የተወውን በአታላይነት የሚያስቀጣ ሕግም ነበረባቸው። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ያንን የፍሎሪዳ ሕግ የሻረው እ.ኤ.አ. በ1944 ነው።

ከዚያ በፊት፣ በ1939፣ እዚያው ፍሎሪዳ ያደገችው ጥቁር ጸሐፊ ዞራ ኒል ኸርስተን ክሮስ ሲቲ ወደሚገኝ የተርፔንታይን ካምፕ ሄዳ ሠራተኞቹን አነጋገረች። በዚያው ዓመት ጃክሰንቪል ከተማ መቅረጫ ፊት ቆማ፣ ቀደም ሲል ከሠራተኞች የተማረቻቸውን ዜማዎች በገዛ ድምፅዋ ዘፈነች። እንዴት ተማርሻቸው ሲሏት ምስጢሩን አልደበቀችም፤ ከሰዉ መሀል እገባለሁ፣ አዳምጣለሁ፣ አብሬ እቀበላለሁ፣ እስኪዋሃደኝም እመላልሰዋለሁ አለች። ቅጂዎቹ ዛሬ በአሜሪካ ኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት አሉ።

የሱቁ መዝገብ እነዚያን ሰዎች ባለዕዳ ብሎ ጻፋቸው። ዜማቸው ግን ባለሙያ መሆናቸውን ይመሰክራል፤ ይህ ምስክርነት ከእኛ የደረሰው ደግሞ አንዲት ተቀባይ ስለተገኘች ነው።

በደቦና በአውድማ ዜማ ያደጋችሁ ሁሉ፣ የሚያወጡት አባቶች ገና በሕይወት ሳሉ ሂዱና ከመሀል ግቡ። ተቀበሏቸው።