«ማን ይከፍላል?» ያሉት ከንቲባ

ባለፈው ክረምት የጎረቤታችን ወጥ ቤት ተቃጠለ። ትልቅ እሳት አልነበረም። ዘይት የተጣደበት ድስት ነው፤ ነበልባሉ መጋረጃውን ያዘ፣ ከመጋረጃው ወደ ኮርኒሱ ወጣ። የቤቱ ሠራተኛ ብትበዛ አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ብቻዋን ነበረች። በሩን ዘግታ በጆግ ውኃ ስትደፋበት (የሚነድ ዘይት ላይ ውኃ አይደፋም፤ ሌላውን ብትረሱ እንኳ እቺን ያዙልኝ) ጭሱን ያየነው እኛ ነን። ደግነቱ ጎረቤቱ ተረባርቦ በአሸዋና በእርጥብ ብርድ ልብስ አጠፋው። «ለምን አልጮህሽም? ለምን 939 አልደወልሽም?» አልናት።

«የሚያስከፍሉኝ መስሎኝ» አለች። «ደግሞ ያስሩኛል ብዬ።»

እውነቱን ለመናገር መጀመሪያ ሳቅኩ። ቀጥሎ አፈርኩ። ምክንያቱም እሳቱ እንደጠፋ ግቢው ውስጥ ቀድሞ የተጠየቀው ጥያቄ «ተርፈሻል ወይ?» አልነበረም። «ማነው የጣደው?» ነበር።

ሰው ስለ እሳት አደጋ ሠራተኞች የሚጠይቀው ዞሮ ዞሮ ይህንኑ ነው። ያስከፍላሉ? እኔን ተጠያቂ ያደርጉኛል? እስኪመጡ ልውጣ ወይስ ልቆይ? የኛ አገር ጥያቄዎች ይመስሉኝ ነበር። ለካስ ሰፈር አይለዩም። የእያንዳንዳቸው መልስ በስንት ቃጠሎ እንደተገኘ ቁልጭ ብሎ የሚታይበት ከተማ ለንደን ነውና እስቲ ወደዚያ ልውሰዳችሁ። (ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው።)

ሴፕቴምበር 2 ቀን 1666፣ ከእኩለ ሌሊት በኋላ። ፑዲንግ ሌን በምትባል ጠባብ መንገድ የዳቦ ጋጋሪው ቶማስ ፋሪነር ቤት በእሳት ተያያዘ። ያኔ እሳት አደጋ የሚባል መሥሪያ ቤት የለም። ያለው የቆዳ ባልዲ፣ የእጅ ፓምፕና ረጅም እንጨት ላይ የተሰካ የብረት መንጠቆ ነው። መንጠቆው ቤት ማፍረሻ ነው፤ እሳቱ ፊት ያሉትን ቤቶች አፍርሰህ የሚበላውን ታሳጣዋለህ። ታዲያ የከተማው ከንቲባ ሰር ቶማስ ብለድወርዝ ከእንቅልፋቸው ተቀስቅሰው መጡና አመነቱ። የሰው ቤት ቢፈርስ ለባለቤቱ ካሣውን ማን ይከፍላል? ያስጨነቃቸው ይኼ ነበር። ማስታወሻ ደብተሩ ዛሬ ድረስ የሚነበብለት ሳሙኤል ፔፒስ ለንጉሥ ዳግማዊ ቻርልስ ሄዶ ነግሯቸው ንጉሡ «አፍርሱ» ሲሉ እሳቱ አምልጦ ነበር። አራት ቀን ነደደ። 13,200 ቤቶችን፣ 87 የአጥቢያ አብያተ ክርስቲያናትንና የቅዱስ ጳውሎስን ካቴድራል በላ።

«ማን ይከፍላል?» ለሚለው ጥያቄ መጀመሪያ መልስ ያመጡት ነጋዴዎች ናቸው። በ1680ዎቹ መጀመሪያ ኒኮላስ ባርበን የሚባል ቤት ሠሪ ነጋዴ የእሳት ኢንሹራንስ ከፈተ። የእንጨት ቤት ያለው ሰው የጡብ ቤት ካለው እጥፍ ይከፍላል። ሌሎችም ተከተሉት። ኩባንያዎቹ የቴምስ ወንዝ ጀልባ ቀዛፊዎችን ዩኒፎርም አልብሰው የእሳት ማጥፊያ ቡድን አቋቋሙ፤ ደንበኞቻቸው ግድግዳ ላይም ምልክታቸውን በእርሳስ ሰሌዳ ለጠፉ።

እዚህ ላይ አንድ ተረት አለ፤ ሰምታችሁት ይሆናል። የኢንሹራንሱ ቡድን ይመጣል፣ ግድግዳውን ያያል፣ ሰሌዳው የራሱ ካልሆነ እጁን አጣጥፎ ቤቱ ሲቃጠል ይመለከታል። ጥሩ ተረት ነው፤ ግን የታሪክ ሰዎች ሲፈልጉት ይህ ነው የሚባል ማስረጃ አላገኙለትም። ነገሩም አያስኬድም። ዛሬ ያላጠፋኸው የማታውቀው ሰው እሳት ነገ የደንበኛህ ጣሪያ ላይ ነው። የሚገርመው ግን በለንደን ተረት የሆነው ነገር በአሜሪካ ቴነሲ ግዛት በ2010 እውነት መሆኑ ነው። ከሳውዝ ፉልተን ከተማ ክልል ውጪ የሚኖር አንድ ቤተሰብ የዓመቱን 75 ዶላር አልከፈለም ነበር። ቤቱ ሲቃጠል የከተማው እሳት አደጋ መኪና የመጣው የከፈለው ጎረቤት ማሳ እንዳይያዝ ነው። ሠራተኞቹ ቆመው አዩ፤ ቤቱ ዶግ አመድ ሆነ።

ወደ ለንደን ልመለስ፤ ከሁሉም በላይ የከነከነኝ እዚያ ያለ ሕግ ነው። በ1774 ፓርላማው ስለ እሳት ሰፊ ሕግ አወጣ። ብዙው ደግ ነው። አጥቢያዎች ፓምፕና ከፎቅ ሰው የሚወርድበት መሰላል እንዲይዙ ያዛል። መጀመሪያ ለደረሰ ፓምፕ 30 ሽልንግ፣ ለሁለተኛው 20፣ ለሦስተኛው 10 ይሸልማል። (ስንቱ ፓምፕ በሩጫ መንገድ ላይ እንደተላተመ አስቡት።) እሳት በድንገት የተነሳበት ቤት ጌታም ጎረቤቱ ሊከሰው አይችልም ይላል፤ ይህ አንቀጽ በእንግሊዝ ዛሬም ይሠራል። ጥሩ። እዚያው ሕግ ውስጥ ግን ሌላ አንቀጽ አለ፦ በቸልተኝነት እሳት ያስነሳ ሎሌ ወይም ገረድ 100 ፓውንድ ይከፍላል፤ ከሌለው 18 ወር ታስሮ ከባድ የጉልበት ሥራ ይሠራል። ያኔ የአንድ ገረድ የዓመት ደሞዝ ጥቂት ፓውንድ ነበር። እንግዲህ ጌታዋ በሕግ ነፃ ነው፣ እሷ ዕድሜ ልኳን ሠርታ የማታጠራቅመው ዕዳ አለባት። እቺ ልጅ መጋረጃው ሲያያዝ በሩን ከፍታ ትጮሃለች ወይስ ዘግታ በጆግ ውኃ ትደፋለች? የጎረቤቴን ሠራተኛ «ያስሩኛል ብዬ» ያሰኛት ፍርሃት ለንደን ውስጥ ሕግ ሆኖ ተጽፎ ነበር ማለት ነው። የገረዷ አንቀጽ ኋላ ተሽሯል።

በ1833 አሥር ኩባንያዎች ቡድኖቻቸውን አንድ አድርገው ጄምስ ብሬድዉድ የሚባል የኤደንብራ ሰው ሾሙባቸው። ብሬድዉድ ሠራተኞቹን ከመንገድ ላይ ውኃ መርጨት ትታችሁ ውስጥ ግቡ፣ እሳቱን ከሥሩ ያዙት እያለ ያሠለጥን ነበር። ግን ቀጣሪዎቹ ኢንሹራንሶች ናቸውና ዋና ሥራው ንብረት ማዳን ነው። ሰው ለማዳን ጎማ ያለው ረጅም መሰላል ይዞ ሌሊት መንገድ ላይ የሚጠብቅ ሌላ የበጎ አድራጎት ማኅበር ነበር። አስቡት፤ ለዕቃው አንድ፣ ለሰው ሌላ።

ጁን 22 ቀን 1861 በወንዙ ዳር ቱሊ ስትሪት ላይ መጋዘኖች ተቃጠሉ። ጥጥ፣ ስኳር፣ ሞራ የሞላባቸው ናቸው። እሳት እንዳይዛመት የተሠሩት የብረት በሮች ክፍት ተትተው ነበር። የቀለጠው ሞራ እየነደደ በቴምስ ላይ ተንሳፈፈ። ብሬድዉድ የደከሙ ሠራተኞቹን እየዞረ ሲያበረታታ ግድግዳ ተንዶበት ሞተ። እሳቱ ጨርሶ እስኪጠፋ ሁለት ሳምንት ፈጀ። ኪሳራው ወደ ሁለት ሚሊዮን ፓውንድ ደረሰ። ያኔ ኩባንያዎቹ ለመንግሥት «እኛ ከዚህ በኋላ አንችልም፣ ተረከቡን» አሉ። በ1865 ሕግ ወጣ፤ ከጃንዋሪ 1866 ጀምሮ የለንደን እሳት አደጋ የሕዝብ ሆነ። ሥራው እሳት ማጥፋትና «ሕይወትንና ንብረትን» መጠበቅ ተባለ። ሕይወት የምትለዋ ቃል በመጨረሻ ገባች፣ ያውም ቀድማ። ወጪውን መንግሥት፣ ኢንሹራንሶችና የከተማው ግብር ከፋይ ተካፈሉት።

ስለ ክፍያ የጠየቃችሁኝ ካላችሁ፣ እንግሊዝ ዛሬ ያለችበት ይህ ነው፦ በ2004ቱ ሕግ መሠረት እሳት ለማጥፋት ማንንም ማስከፈል አይቻልም። ሊፍት ውስጥ የተቀረቀረ ሰው ለማውጣት ግን የሕንፃው ባለቤት ሊከፍል ይችላል።

ስልኩም የራሱ ታሪክ አለው። በ1935 ዊምፖል ስትሪት ላይ በተነሳ እሳት አምስት ሴቶች ሞቱ። እሳት አደጋ ሊጠራ የደወለ ጎረቤት የስልክ ማዞሪያው ወረፋ አስይዞት ነበር። ተናዶ ለጋዜጣ ጻፈ። በ1937 ለንደን 999ን ጀመረች።

«ልውጣ ወይስ ልቆይ?» ለሚለው የእንግሊዝ ፎቆች መልስ ለብዙ ዓመታት «ቆይ» ነበር። ኮንክሪቱ እሳቱን ከተነሳበት ቤት አያስወጣም፣ ደረጃው ደግሞ ጠባብ ነው፤ ስለዚህ የራስህ ቤት ካልተቃጠለ በርህን ዘግተህ ጠብቅ። ይህ የሚሠራው ሕንፃው በአግባቡ ከተሠራ ነው። ጁን 14 ቀን 2017 በምዕራብ ለንደን ግሬንፌል በተባለ ባለ 24 ፎቅ ሕንፃ አንድ ፍሪጅ በእሳት ተያያዘ። ሕንፃው ከውጭ በሚቀጣጠል ነገር ተለብጦ ነበርና እሳቱ ግድግዳውን ተከትሎ ወደ ላይ ጋለበ። «ቆዩ» የሚለው ምክር የተነሳው ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ከ47 ነው። 72 ሰዎች ሞቱ። ኢትዮጵያውያንና ኤርትራውያንም ነበሩባቸው።

እሳቱ የተነሳበት ቤት ነዋሪም ከኢትዮጵያ የሄደ ሰው ነበር። ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት ከ54 ላይ መጀመሪያ 999 የደወለው እሱ ነው። ከዚያ የጎረቤቶቹን በር አንኳኳ። መኪናዎቹ በአምስት ደቂቃ ደረሱ። ቢሆንም በማግስቱ «ማነው የጣደው?» የሚለው ጥያቄ ጋዜጣ ላይ ወጣ፤ ስሙና ፎቶው ተበተነ። በኦክቶበር 2019 የወጣው የመንግሥት ምርመራ ሪፖርት ሰውየው ምንም ጥፋት የለበትም፣ ያደረገውም ትክክለኛውን ነው ብሎ ጻፈ።

ይህን ለጎረቤቴ ሠራተኛ ቡና እየጠጣን ነገርኳት። ስለ ከንቲባውም ስለ ገረዷም ዝም ብላ ሰማችኝ። መጨረሻ ላይ ሲኒዋን አስቀመጠችና፣ «ታዲያ ሰውየውን አላሰሩትም?» አለችኝ።

አላሰሩትም።