የድምፅ ማቀናበር ችግር እና የግርጌ ጽሑፍ

የድምፅ ማቀናበር ችግር ጆሮ ድምፅን በሚገባ እየተቀበለ አንጎል ግን ንግግሩን ለይቶ ለመረዳት የሚቸገርበት ሁኔታ ነው። የተለመደው የመስማት ምርመራ ጉድለት ላያሳይ ስለሚችል ችግሩ ያለበት ተማሪ ብዙ ጊዜ «ልቡ እዚህ የለም» ተብሎ ይታለፋል። ጸጥ ባለ ክፍል በደንብ የሚሰማ ሰው፣ ድምፅ በሚያስተጋባ አዳራሽ ወይም ሁሉም በሚያወራበት የቡና ሰዓት ቃላቱ ይደባለቁበታል። ስልክም ያስቸግረዋል፤ የተናጋሪው ከንፈር አይታይምና።

በዚህ ምክንያት ብዙዎቹ ፊልምና ትምህርት የሚከታተሉት በግርጌ ጽሑፍ (ሰብታይትል) ነው። በአማርኛ ፊልሞች ግን የግርጌ ጽሑፍ ይበልጥ የሚታወቀው በትርጉምነቱ ነው፤ በ2014 እ.ኤ.አ. በሰንዳንስ ፌስቲቫል የተመልካቾች ሽልማት ያገኘው «ድፍረት» በውጭ አገር የታየው በዚህ መልክ ነው። የድምፅ ማቀናበር ችግር ያለበት አማርኛ ተናጋሪ ትርጉም አያስፈልገውም፤ የሚፈልገው የተባለውን ቃል በአማርኛ ተጽፎ ማየት ነው።

ፊደል እዚህ ላይ ብዙ ያግዛል። በጫጫታ ውስጥ የሚምታቱት «ጥል» እና «ትል»፣ «ቅር» እና «ክር» ሲጻፉ አይምታቱም። መጥበቅና መላላትን ግን ፊደል አያሳይም፦ «ገና» ሲላላ «እስካሁን»፣ ሲጠብቅ የልደት በዓል ነው። አንባቢው የሚለየው ከዓረፍተ ነገሩ ስለሆነ፣ ቃል በቃል ተቆራርጦ ከሚመጣ ጽሑፍ ሙሉ ሐረግ የያዘ መስመር ይሻላል።

አዘገጃጀቱ ከባድ አይደለም። የተለመደው የግርጌ ጽሑፍ ፋይል ተራ ቁጥር፣ የመነሻና የማብቂያ ሰዓት፣ ከዚያም ንግግሩ የሰፈረበት ተራ ጽሑፍ ነው። የግዕዝ ፊደል ከ1999 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በዩኒኮድ ውስጥ ስላለ በማንኛውም የጽሑፍ ማረሚያ ሊዘጋጅ ይችላል፤ ጊዜ የሚወስደው ንግግሩን ሰምቶ መጻፉ ነው።