የጾም ማእድና የልብ ጤና

በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ምእመናን ሰባቱን የዐዋጅ አጽዋማት ሲጾሙ ከሥጋ፣ ከወተት፣ ከቅቤና ከእንቁላል ይከለከላሉ። ተደምረው በዓመት እስከ 180 ቀናትና ከዚያም በላይ የሚሆኑት እነዚህ ዕለታት ማእዱን በእህል፣ በጥራጥሬና በአትክልት ላይ ያቆሙታል። የጾም ዓላማው የነፍስ ፈውስ ነው፤ ለንስሐና ለጸሎት ያተጋል። ማእዱ በአግባቡ ሲዘጋጅ ግን ለሥጋም ይጠቅማል፤ ይልቁንም ልብን ይጠብቃል።

ልብ እንዴት ይታመማል?

የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚገልጸው በ2019 እ.ኤ.አ. የልብና የደም ሥር በሽታዎች 17.9 ሚሊዮን ያህል ሰዎችን ለሞት ዳርገዋል። በቅቤና በጮማ ውስጥ የሚገኘው የሚረጋ ቅባት በደም ውስጥ ያለውን ጎጂ ኮሌስትሮል ከፍ ያደርጋል፤ እርሱም በደም ሥር ግድግዳ ውስጥ እየተጠራቀመ መተላለፊያውን ያጠባል። ይህ ከወጣትነት ጀምሮ ያለ ምልክት ለዓመታት ሊቀጥል ይችላል። በጥራጥሬና በእህል ውስጥ ያለው አሰር (ፋይበር) ግን ኮሌስትሮል ከሰውነት እንዲወገድ ይረዳል።

በአሜሪካ ከ18 እስከ 30 ዓመት ዕድሜ የነበራቸውን 5 ሺህ ያህል ሰዎች ለ32 ዓመታት የተከታተለ ጥናት በ2021 እ.ኤ.አ. ታትሟል። በጥናቱም ጥራጥሬ፣ አትክልት፣ ፍራፍሬና ያልተፈተገ እህል ከሁሉ ይልቅ ያዘወተሩት፣ ጥቂት ካዘወተሩት ይልቅ ለልብ ሕመም የመጋለጥ ዕድላቸው በ52 በመቶ ያነሰ ሆኖ ተገኝቷል።

የመርሳ ምድር በረከት

ከወልድያ ወደ ደሴ በሚወስደው መንገድ ላይ የምትገኘው መርሳና አካባቢዋ ለዚህ ማእድ የሚያስፈልገውን ታበቅላለች። የሀብሩ ወረዳ ገበሬ ጤፍና ማሽላ ይዘራል፤ በመስኖ የሚለማው ምድርም ማንጎ፣ ብርቱካንና ፓፓያ ይሰጣል። በዚያው ወረዳ የሚገኘው የስሪንቃ ግብርና ምርምር ማእከልም በማሽላና በሌሎች ሰብሎች ላይ ይሠራል። ማሽላ የዝናብ እጥረትን ይቋቋማል፤ ሽምብራ፣ ምስርና ባቄላም በሥራቸው ናይትሮጅን ይዘው አፈሩን ያለማሉ። እንግዲህ የማሽላ ወይም የጤፍ እንጀራ ከሽሮ፣ ከምስር ወጥና ከጎመን ጋር ሲቀርብ ሰውነትንም መሬቱንም የሚጠብቅ ማእድ ነው።

ጥንቃቄ የሚያሻቸው ነገሮች

የጾም ምግብ ሁሉ ለልብ አይስማማም። በዘይት የተጠበሰ ሳምቡሳና ቦምቦሊኖ፣ የለስላሳ መጠጥና በዘይት የተንሳፈፈ ወጥ ከፍስክ ምግብ የማይተናነስ ጉዳት ሊያስከትሉ ይችላሉ። የፓልም ዘይት ግማሽ ያህሉ የሚረጋ ቅባት ነው፤ የኑግና የሱፍ ዘይት ይሻላሉ፤ እነርሱም ቢሆኑ በመጠን። ጨውም በቀን ከ5 ግራም፣ ማለትም ከአንድ የሻይ ማንኪያ፣ ሊበልጥ አይገባም። ጾሙ ሲፈታ በሥጋና በቅቤ ከመጠን ማለፍም የጾሙን ጥቅም ያሳጣል።

በሀገራችን ብዙ ወጣቶችን የሚያጠቃው የሩማቲክ የልብ በሽታ ግን መነሻው ሌላ ነው። በጀርም ምክንያት የሚመጣ የጉሮሮ ሕመም ሳይታከም ሲቀር ይከተላል፤ ስለዚህ ምግብ አይከላከለውም። ጉሮሮውን የታመመ ልጅ ሳይዘገይ ወደ ጤና ጣቢያ ሊወሰድ ይገባል።

የልብ፣ የስኳር ወይም የደም ግፊት ሕመምተኞች፣ ነፍሰ ጡሮችና የሚያጠቡ እናቶች እንዴት መጾም እንዳለባቸው ሐኪማቸውንና የንስሐ አባታቸውን ያማክሩ። ለታመመ ሰው ቤተ ክርስቲያን እንደ ዐቅሙ ታዝንለታለች፤ በጾም ምክንያት በራስ ፈቃድ መድኃኒት ማቋረጥ ግን ተገቢ አይደለም።

በጾም ወራት ከማእዱ የተረፈው ለተቸገረ ሊደርስ እንደሚገባ አባቶች ያስተምራሉ። ማእዱ ቀላል ሲሆን ልብ ያርፋል፤ የሚቆረሰውም ለጎረቤት ይተርፋል።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።