የካሜራ ተሸካሚ ድሮን ሞተርና ፕሮፔለር

በአራት ተሽከርካሪ ክንፍ የመነሣት ሐሳብ የዛሬ አይደለም። የብሬጌ ወንድማማቾች ከሻርል ሪሼ ጋር ተባብረው እንደ አውሮጳ አቆጣጠር በ1907 በፈረንሳይ አገር የሠሩት ጂሮፕላን ሰው አሳፍሮ ከምድር ከፍ ብሏል፤ ይሁን እንጂ ሚዛኑን የጠበቁለት ከአራቱ ማዕዘን በእጃቸው ደግፈው የያዙት ሰዎች ነበሩ። የእነዚያን ሰዎች ሥራ ኋላ ኤሌክትሮኒክስ ተረከበው። የክብደትና የኃይል ጥያቄ ግን እንዳለ ቆየ።

በ2013 ዲጄአይ ያወጣው የመጀመሪያው ፋንተም ባለ 8 ኢንች ፕሮፔለር ነበር። ለትንሽ ካሜራ ይበቃል፤ የካሜራ ማረጋጊያ ሲጨመርበት ግን ጭነቱ ይከብደዋል። እንዲህ ሲሆን አሳብ ቶሎ የሚሄደው ወደ ሞተሩ ጉልበት ነው። ሆኖም ጥቂት አየር በብርቱ ከመግፋት ይልቅ ብዙ አየር በዝግታ መግፋት ኃይል ይቆጥባል። በዚያው ዓመት መጨረሻ የወጣው ፋንተም 2 ፕሮፔለሩን ወደ 9.4 ኢንች አሳደገ፤ ክብደቱ ካልተለወጠ፣ በአየር ላይ ረግቶ ለመቆም የሚያስፈልገው ኃይል በስሌት 15 በመቶ ገደማ ይቀንሳል። (የበረራው ጊዜ መርዘም ግን በአመዛኙ የትልቁ ባትሪ ውለታ ነው።) ከዚያ ወዲያ ቦታ የለም፤ የጎረቤት ሞተሮች ርቀት 247 ሚሊሜትር ያህል ሲሆን ባለ 10 ኢንቹ ፕሮፔለር 254 ሚሊሜትር ነው።

ሞተሩም ለፕሮፔለሩ ልክ መሆን አለበት። በአንድ ቮልት ብዙ ዙር የሚዞር ሞተር ሰፊ ፕሮፔለር ሲታሰርበት የኤሌክትሪክ ጅረቱ ይበዛል፣ ጥቅልል ሽቦውም ይግላል። በአዲስ አበባ ከፍታ ደግሞ አየሩ ከባሕር ጠረፍ በ20 በመቶ ገደማ ስለሚሳሳ፣ ያው ድሮን 12 በመቶ ያህል ተጨማሪ ኃይል ይጠይቃል፤ ሰፊው ፕሮፔለር ያተረፈውን አብዛኛውን ከፍታው ይወስደዋል።